ፕራይመር ከመግዛትህ በፊት ምስሉ ከምን እንደተሠራ እይ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «28 ሚሊሜትር የሚባሉትን ትንንሽ ምስሎች (የጨዋታ ሐውልቶች) መቀባት ከጀመርኩ ጥቂት ጊዜ ሆኖኛል። አብዛኞቹ ደረቅ ፕላስቲክ ናቸው። ጥቂቶቹ በሬዚን (በብርሃን በሚጠነክር ፈሳሽ) ፕሪንተር የወጡ ናቸው። አንድ ሳጥን ሙሉ ደግሞ ከቦርድ ጌም የመጡ፣ ሲያጥፏቸው የሚታጠፉ ለስላሳ ምስሎች አሉኝ። በስፕሬይ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ያደረግሁት አንዱ ፕላስቲክ ፊቱ ሻካራ ሆኖ ቀረ። ሬዚኑ ላይ ደግሞ ቀለሙ ከነፕራይመሩ ተላጠ። ኤርብራሽ (ቀለም በአየር ግፊት የሚረጭ መሣሪያ) የለኝም፣ የምኖረው አፓርታማ ውስጥ ነው። የትኛውን ፕራይመር ልግዛ? ጥቁር ይሻላል ነጭ?»

ወንድሜ፣ ምስሎችህ ከምን እንደተሠሩ አብረህ መናገርህ በጣም ጠቅሞኛል። ብዙ ሰው የሚጠይቀው «የትኛው ብራንድ ይሻላል?» ብሎ ነው፤ እኔም መልሼ የምጠይቀው ሁሌም ያንኑ ነው፣ የምትቀባው ምኑን ነው? ፕራይመር መጀመሪያ የሚመረጠው በምስሉ ቁስ ነው። ቀጥሎ የምትቀባበት ቦታና ያለህ መሣሪያ ይታያል። ጥቁር ወይስ ነጭ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከሁለቱ በኋላ ነው፣ አብዛኛው ሰው ግን ከእሱ ይጀምርና ገንዘቡን ያባክናል።

ቸኩለህ ከሆነ መልሱ ይኸው። በብሩሽ የሚቀባ፣ በውሃ የሚሠራ አክሪሊክ ፖሊዩሪቴን ፕራይመር አንድ ጠርሙስ ግዛ፣ ግራጫውን። የቫዬሆ ሰርፌስ ፕራይመር የዚህ ዓይነት ነው፣ በባጀር የሚወጣው ስታይኒልሬዝም እንደዚሁ። ሦስቱንም ዓይነት ምስሎችህን ያስተናግዳል፣ ሽታው ቀላል ነው፣ ጠረጴዛህ ላይ ቁጭ ብለህ ትሠራበታለህ። ውጭ ወጥተህ የምትረጭበት ቦታ ካለህ፣ ለደረቁ ፕላስቲኮች ብቻ አንድ የስፕሬይ ጣሳ ጨምርበት። ለስላሳዎቹ ላይ ግን ስፕሬይ እንዳታስጠጋ። ምክንያቱን እነግርሃለሁ።

ፕራይመር ሁለት ሥራ አለው። የመጀመሪያው መያዝ ነው። የምንቀባበት አክሪሊክ ቀለም በውሃ የተበጠበጠ ነው፣ ፕላስቲክ ደግሞ ውሃ አይቀበልም። ባዶ ፕላስቲክ ላይ ቀጠን ያለ ቀለም ስታሳርፍ ወዲያው ይሸሻል፣ ጠብታ ጠብታ ይሆናል፣ ከአፍንጫውና ከጉልበቱ ላይ ወርዶ ልብሱ እጥፋት ውስጥ ይጠራቀማል። ቢደርቅም በጥፍር ይነሳል። ፕራይመር የተሠራው እንዲህ ያለ ፊት ላይ አጥብቆ እንዲይዝ ነው። ሲደርቅ የማያብረቀርቅ፣ ለዓይን የማይታይ ጥቂት ሸካራነት ያለው ፊት ይሰጥሃል፣ ቀጣዩ ቀለም የሚጨብጠውም ያንን ነው። ሁለተኛው ሥራው ሁሉንም አንድ ማድረግ ነው። አንድ ምስል ላይ ግራጫ ፕላስቲክ፣ ክፍተት የተሞላበት አረንጓዴ ፑቲ፣ ከሌላ ምስል የተወሰደ የብረት ክንድ ሊኖር ይችላል። ሁሉም አንድ ቀለም ካልያዙ በስተቀር የምትቀባው ቀይ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሌላ ሆኖ ይታይሃል።

ስለዚህ ተራ የስፕሬይ ቀለም ፕራይመር አይደለም። ጣሳው ላይ «ማት ብላክ» (የማያብረቀርቅ ጥቁር) ስለተባለ ብቻ ሥራውን ይሠራል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ፕላስቲክ ላይ ይይዝልሃል፣ ብረት ላይ ግን ጠርዝ ጠርዙን ይላጣል።

አሁን ወደ ቁሱ።

ደረቁ ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ነው። ከሁሉም ይቅር ባዩ እሱ ነው። የስፕሬዩ ላከር፣ ማለትም በውሃ ፈንታ በሟሟ (በሚያቀልጥ ኬሚካል) የሚሠራው ፕራይመር፣ በትንሹ ላዩን ያለሰልሰዋል፣ በደንብም ይነክሰዋል፣ በውሃ የሚሠራውም ፕራይመር ያለ ችግር ይይዛል። መጠንቀቅ ያለብህ አንድ ነገር አለ። ለመኪና የሚሠራ ጠንካራ ፕራይመር አቅርበህ ብዙ ካፈሰስክበት ሟሟው ስሱን ዝርዝር ሊበላው ይችላል። በስሱ ከተረጨ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፣ ችግር የለውም፤ ግን ለ28 ሚሊሜትር ፊት ወፈር ይላል። እኔ ለመሬትና ለሕንፃ ሞዴሎች እንጂ ለፊት አልመርጠውም። አረፋ የመሰለው ነጭ ፎም ጋ ሲደርስ ግን በሟሟ የሚሠራ ስፕሬይ ያቀልጠዋል። የምስሉ መቆሚያ ላይ ፎም ካለ አስቀድመህ በነጭ የእንጨት ኮላ ወይም በብሩሽ አክሪሊክ ሸፍነው።

ብረት፣ ማለትም በቆርቆሮ ላይ የተመሠረተው ነጭ ቅይጥ፣ ፊቱ በጣም ለስላሳ ስለሆነ ቀለም ለመጨበጥ ይቸገራል። ምስሉን በሳሙና እጠበው፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ወይም በብረት ሱፍ ቀስ ብለህ ዳብሰው፣ ከዚያ በሟሟ የሚሠራ ፕራይመር ብትጠቀም በተሻለ ይይዛል። አሲድ ያለበት የብረት ፕራይመር ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ለምንጫወትባቸው ምስሎች ከሚገባው በላይ ነው፣ ተወው።

ሬዚን ላይ ቆም እንበል፣ የአንተ ችግር እዚህ ነው። ከሲሊኮን ቅርጽ የወጣ ሬዚን ከሆነ ምስሉ በቀላሉ እንዲላቀቅ የተቀባ ቅባት ላዩ ላይ ይቀራል። በዓይን አይታይም፣ በእጅም ሁልጊዜ አይታወቅም። ፕራይመሩ የሚይዘው ቅባቱን እንጂ ሬዚኑን አይደለም፣ ስለዚህ ከነቀለሙ እንደ ቆዳ ይገሸለጣል። የአንተ ግን በፕሪንተር የወጣ ነው። እዚያ ቅርጽ የለም፣ የማላቀቂያ ቅባትም የለም። ችግሩ ሁለት ቦታ ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ምስሉ ከፕሪንተር እንደወጣ በአልኮል በደንብ አልታጠበም፣ ያልጠነከረ ፈሳሽ ሬዚን በስሱ ላዩ ላይ ቀርቷል። ሁለተኛው፣ ታጥቧል ግን ሬዚኑን በሚያጠነክረው በዩቪ (አልትራቫዮሌት) ብርሃን በቂ ጊዜ አልቆየም። ምልክቱ ያው ነው። ምስሉን ስትነካው ጣትህ ላይ ትንሽ የመጣበቅ ስሜት አለ፣ በተለይ ብብቱ ሥር፣ ካባው ውስጥ፣ ብርሃን የማይደርስበት ቦታ። እንዲህ ያለ ምስል ላይ የዓለምን ውድ ፕራይመር ብትቀባ ይላጣል።

የሚለየውን ዘዴ ልንገርህ። ከተላጠው ቁራጭ አንስተህ የውስጥ በኩሉን እይ። ደረቅና ንጹሕ ከሆነ፣ ችግሩ ለስላሳ ፊትና ያልታጠበ ቅባት ነው፣ ምናልባትም የራስህ እጅ ቅባት። የሚያጣብቅ ወይም የሚያብለጨልጭ ነገር ካለው፣ ያልጠነከረ ሬዚን ነው። ሁለቱ የተለያየ መድኃኒት ነው ያላቸው፣ አንዱ ሳሙና፣ ሌላው ተጨማሪ እጥበትና ብርሃን። እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው፣ ያልጠነከረ ሬዚን ለቆዳ ጎጂ ስለሆነ ጓንት አድርግ። የጠነከረውንም በብርጭቆ ወረቀት ብትፈትግ በውሃ አርጥበህ ፈትገው፣ ብናኙን እንዳትተነፍሰው።

ለስላሳዎቹ የቦርድ ጌም ምስሎች በብዛት ፒቪሲ ናቸው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ነው። እንዲታጠፍ የሚያደርገው ውስጡ የተጨመረ ማለስለሻ ነው። ስፕሬይ ጣሳ ውስጥ ያለው ሟሟ ከዚህ ማለስለሻ ጋር ሲገናኝ አንዳንዴ ፕራይመሩ ፈጽሞ አይደርቅም። ዛሬ ያጣብቃል፣ ነገ ያጣብቃል፣ ከወር በኋላም ብታነሳው ጣትህ አሻራ ይተዋል፣ አቧራም ይሰበስባል። «አንዳንዴ» ያልኩት አውቄ ነው። አንዱ ጣሳ አንዱን ምስል ምንም አያደርገውም፣ ያው ጣሳ ሌላ ሳጥን ውስጥ ያለውን ያበላሻል፣ ምክንያቱም የፕላስቲኩ ቅመም ከአምራች አምራች ይለያያል። በውሃ የሚሠራው ፖሊዩሪቴን ፕራይመር ግን ይህ ሟሟ ስለሌለው ችግሩን ከሥሩ ያስቀርልሃል። ሌላም ጥቅም አለው። ሲደርቅ ትንሽ የመለጠጥ ባሕርይ ያለው ሽፋን ይሆናል፣ ምስሉ ሲታጠፍ አብሮት ይታጠፋል። ደረቅ ላከር ግን እዚያው ይሰነጠቃል። ጎራዴውና ጦሩ ተጣሞ ከመጣ መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረህ አቃናው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምረህ አጽናው፣ ከዚያ ነው ፕራይመር።

በነገራችን ላይ የመለጠጡ ነገር ጉዳትም አለው። ፖሊዩሪቴኑን በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ብዙ ጊዜ ያስቸግራል፣ በተለይ ገና ቀናት ያልቆየውን። ይጠቀለላል፣ ከጠርዙ ይነሳል። ስለዚህ የማምረቻው ቅርጽ የተወውን ቀጭን መስመር፣ የፕሪንተሩን እርከን፣ የመገጣጠሚያውን ክፍተት ሁሉ ከፕራይመር በፊት ጨርስ። ፕራይመር አድርገህ፣ ጉድለቱን አይተህ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገህ፣ እንደገና ፕራይመር የማድረግ ፍላጎት ካለህ ላከሩ ይሻላል። የጃፓኑ ሚስተር ሰርፌሰር ለዚህ ነው የታወቀው። 500፣ 1000፣ 1200፣ 1500 የሚሉ ቁጥሮች አሉት፣ ቁጥሩ ሲጨምር ደቃቅነቱ ይጨምራል። 500ው ጭረት ይሞላል፣ 1500ው ፊት ላይ ያለውን መስመር እንዳለ ያስቀራል። የታሚያ ፋይን ሰርፌስ ፕራይመርም ደቃቅና ጥሩ ነው። ሁለቱም ግን ሽታቸው ከባድ ነው፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚታሰቡ አይደሉም።

ሻካራ ሆነብኝ ወዳልከው እንምጣ። ፕራይመሩ መጥፎ ስለሆነ አይመስለኝም። ከጣሳው የወጣው ጠብታ ምስሉ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ደርቋል፣ ፈሳሽ ሆኖ መድረስ ሲገባው ብናኝ ሆኖ ነው ያረፈው። ይህ የሚሆነው በጣም ስትርቅ፣ ወይም አየሩ ሞቃትና ደረቅ ሲሆን፣ ወይም ነፋስ ሲኖር፣ ወይም ጣሳው በደንብ ሳይወዘወዝ ሲቀር ነው። አየሩ በጣም እርጥብ ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፣ ሽፋኑ ጉም የለበሰ ነጫጭ ይሆናል። ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት፣ ዝናብ በሌለበት፣ ነፋስ በማይመታበት ቦታ ብትሠራ አብዛኛው ጣጣ ይቀርልሃል።

ጣሳውን ሁለት ደቂቃ ሙሉ ወዝውዘው። ሁለት ደቂቃ ሲባል ረጅም ነው፣ ሰዓት አይተህ ሞክረው። ውስጡ ያለችው ኳስ ስትንቀሳቀስ መስማት አለብህ። ጣሳው ቀዝቅዞ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አቁመው። የፈላ ውሃና እሳት አይታሰብም፣ ጣሳው ይፈነዳል። ምስሎቹን እንጨት ላይ በድርብ ፕላስተር አጣብቅና ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቀህ ቁም። መርጨት የምትጀምረው ከምስሉ ውጭ ነው፣ በምስሉ ላይ አልፈህ የምትለቀውም ከምስሉ ውጭ ነው። ጣትህ መጀመሪያ ሲጫን ጣሳው ትልልቅ ጠብታ ይተፋል፣ ያ ጠብታ ፊት ላይ ካረፈ ዓይኑም አፉም ጠፋ ማለት ነው።

ስትረጭ ዓይንህን ምስሉ ላይ ትከል። ብርሃኑ ከጎን ይምጣልህ። በትክክለኛው ርቀት ከሆንክ ጠብታዎቹ ሲያርፉ ትከሻው ላይ ለአፍታ እርጥብ አብረቅራቂ ነገር ታያለህ፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከጠርዙ ጀምሮ እየከሰመ ማት ይሆናል። እሱን ካየህ በቃ፣ ቦታህ ልክ ነው። ገና ሲያርፍ ማት ሆኖ ካረፈ ርቀሃል፣ ቅረብ። አብረቅራቂው ሳይከስም ከቆየና ወደ እጥፋቱ መፍሰስ ከጀመረ ቀርበሃል ወይም ዘግይተሃል። አንድ ጊዜ ለመሸፈን አትሞክር። ከግራ፣ ከቀኝ፣ ምስሉን አጋድመህ ከሥር፣ በመሐሉ ጥቂት ደቂቃ እየሰጠህ በስሱ ደራርብ። ከሥር የሚለውን ሰው ይረሳዋል፣ በኋላ አገጩ ሥርና ካባው ውስጥ ባዶ ፕላስቲክ ያገኛል። ትንሽ የፕላስቲኩ ቀለም በቀጭኑ ቢታይ ምንም አይደለም። ፕራይመር ግድግዳ አይደለም፣ እንዲይዝ እንጂ እንዲወፍር አንፈልገውም። ስትጨርስ ጣሳውን ገልብጠህ ጋዝ ብቻ እስኪወጣ ተጫነው፣ አፍንጫው እንዳይደፈን።

በብሩሽ መቀባት ደግሞ ቀርፋፋ ነው የሚል ወሬ አለ። ለአንድ ሠራዊት ሙሉ አዎ፣ ለአምስት ለስድስት ምስል ግን ስፕሬይ ይዞ ወደ ውጭ ከመውጣት አይብስም። ጠርሙሱን በደንብ ወዝውዘው፣ ጥቂት ጠብታ ፓሌት ላይ አውጣ፣ ለስላሳ ሰው ሠራሽ ጠጉር ያለውን ሰፋ ያለ ብሩሽ ተጠቀም። ጥሩውን ጫፉ የሾለ ብሩሽህን አታበላሽበት። ውሃ አትጨምርበት፣ የመያዝ አቅሙን ያሳጣዋል። ወፍሮ ካስቸገረህ ከዚያው ድርጅት የሚወጣውን ማቅጠኛ አንድ ጠብታ ጣል አድርግበት።

የመጀመሪያው ንብር አስቀያሚ ነው። ዥጉርጉር ይሆናል፣ ፕላስቲኩ ይታያል፣ እጅህ ወዲያው ደግሞ ሊያስተካክለው ይፈልጋል። አትንካው። በግማሽ የደረቀ ፖሊዩሪቴን ላይ ብሩሽ ከመለስክ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ የብሩሹ መስመርም እዚያው ይቀራል። ቀብተህ ወደሚቀጥለው ምስል እለፍ። አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ሁለተኛውን ስትደርብ ሁሉም ይሸፈናል። ማየት ያለብህ ፊቱን ነው። ምስሉን ወደ መብራቱ አዘንብለህ የዓይኑን ጉድጓድና በከንፈሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከት። ሌላው ቦታ መክሰም ሲጀምር እዚያ ገና የሚያበራ ነጥብ ካለ ፕራይመሩ ተጠራቅሟል ማለት ነው። ብሩሹን አጥበህ በጨርቅ አድርቀህ ጫፉን እዚያ አስነካ፣ ትርፉን ይመጥልሃል። ቀበቶውና የጦር ትጥቁ ማሰሪያ ላይም እንዲሁ። አረፋ ካየህ በቀስታ እፍ በልበት። ይህን ካደረግህ በብሩሽ የተቀባውን በስፕሬይ ከተረጨው መለየት ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ነው። ፖሊዩሪቴኑ በግማሽ ሰዓት ለእጅ ይደርቃል፣ ግን አልጠነከረም። 24 ሰዓት ተወው። ለመጫወቻ የሚሆን፣ በእጅ የሚነካካ ምስል ከሆነ ከዚያም በላይ ብትተወው ደስ ይለኛል። «ቫዬሆ ይላጣል» የሚለው አብዛኛው ቅሬታ ጧት ተቀብቶ ከሰዓት በእጅ ከተያዘ ምስል የሚመጣ ነው። ላከሩ ይፈጥናል፣ እሱንም ቢሆን ሌሊቱን ብታሳድረው አይጎዳህም።

ኤርብራሽ ስለሌለህ ስለሱ ብዙ አላወራም። ወደፊት ከገዛህ ይሄው ጠርሙስ ያገለግልሃል፣ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊሜትር አፍንጫና ከ20 እስከ 30 ፒኤስአይ ግፊት ይስማማዋል፣ ብቻ የመርፌውን ጫፍ ቶሎ ቶሎ በእርጥብ ብሩሽ ጥረግ፣ እዚያ ላይ ይደርቃል።

ጌሶስ? ሠዓሊዎች ከቀለም በፊት የሚቀቡት፣ ለሸራ የተሠራ ነው። በደንብ የተሠራ አክሪሊክ ጌሶ ምስል ላይ ይይዛል፣ ሲደርቅም ይኮማተራል፣ ዝርዝሩን እንደፈራኸው አይሸፍንም። ርካሹ ግን ደቃቅ አይደለም። ቤትህ ካለ ሞክረው፣ ለዚህ ብለህ ግን አትግዛው።

አሁን ጥቁር ወይስ ነጭ። መልሴ ግራጫ ነው፣ ምክንያቱም ገና እየተማርክ ነው፣ ግራጫ ደግሞ ጉድለትን ያሳይሃል። ጥቁር ላይ ጥላ አይታይም፣ ዝርዝሩ ይዋጣል። ነጭ ላይ ብርሃን ያንጸባርቅብሃል። ግራጫ ላይ ሁለቱንም ታያለህ፣ ያመለጠህን የመገጣጠሚያ መስመር ሁሉ ያጋልጣል። ብሩህ ቀለምም ጨለማ ቀለምም ሳይቸገር ይቀበላል።

ጥቁር ቦታው አለው። ምስልህ አብዛኛው ብረት ልብስ ከሆነ ከጥቁር የተሻለ መነሻ አላውቅም፣ ብርማ ቀለም ጥቁር ላይ ጥልቀት ያገኛል፣ ብሩሽህ ያልደረሰበት ጉድጓድም ጥላ ሆኖ ይቀራል። ግን ቢጫ፣ ብርቱካንማና ደማቅ ቀይ ለመቀባት ካሰብክ ጥቁር ያሰለችሃል። ቢጫ ቀለም በተፈጥሮው ሥሩን ያሳያል። ጥቁር ላይ አምስት ጊዜ ደርበህም ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ይሆንብሃል። ለቢጫ ሥር ሮዝ ወይም የክሬም ቀለም ብትቀባ በሁለት ንብር ትገላገላለህ።

ነጭ ከሦስቱ ለመርጨት አስቸጋሪው ነው። ነጭ እንዲሸፍን ብዙ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ውስጡ ይጨመራል፣ ብናኙ ስለሚበዛ ያ የተማረርክበት ሸካራነት በነጭ ጣሳ ቶሎ ይመጣል። ኮንትራስትና ስፒድፔይንት የሚባሉትን፣ አንዴ ተቀብተው ጥላና ብርሃን በራሳቸው የሚሠሩትን ቀለሞች የምትጠቀም ከሆነ ግን ነጣ ያለ ሥር ግድ ነው። ሲታዴል የተባለው የቀለም ብራንድ ኮንትራስትን በ2019 ሲያወጣ ሬይዝቦን የሚባል የአጥንት ቀለምና ግሬይ ሲር የሚባል ፈዛዛ ግራጫ ስፕሬይ አብሮ ያወጣው ለዚህ ነው። ንጹሕ ነጭ ከመፈለግ እንደነዚህ ያለ ፈዛዛ ቀለም ውሰድ፣ ቆዳና ጨርቅ ሲቀባበት ሞቅ ያለ ይሆናል፣ ለመርጨትም ይቀላል።

ኤርብራሽ ባይኖርህም ሁለቱን ማቀላቀል ትችላለህ። ምስሉን በሙሉ ጥቁር ፕራይመር አድርገው። ሲጠነክር ብሩሽ ላይ ጥቂት ግራጫ ቀለም አድርገህ ጨርቅ ላይ እስኪደርቅ ጥረገውና ከላይ ወደ ታች ብቻ እየዳበስክ አሳልፈው። ቀጥሎ ነጭ ወስደህ የራስ ቁሩን፣ አፍንጫውን፣ ትከሻውንና የእጥፋቶቹን አናት ብቻ ንካ። ብርሃን ከላይ የወረደበት ይመስላል፣ ምስሉን ገና ቀለም ሳትጀምር ታነበዋለህ፣ ላዩ ላይ ስስ ቀለም ብታለብሰው ጥላው ከሥር ይታያል። ፊት ለመቀባት ለሚፈራ ሰው ይህን ነው የምመክረው፣ የጉንጭ አጥንቱ የት እንዳለ ምስሉ ራሱ ያሳይሃልና።

አፓርታማ ስላልክ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ስፕሬይ ጣሳ መስኮት በተከፈተ ክፍል ውስጥም ቢሆን ለቤት አይሆንም። ሟሟው ይቀጣጠላል፣ ብናኙም ሩቅ ይሄዳል፣ ጎረቤትና ሕፃናት አሉ። የጨርቅ ማስክ ብናኙን ቢቀንስ እንጂ ሽታውን አያቆምም። ለሟሟ ትነት የካርበን ማጣሪያ ያለው ማስክ ነው የሚያስፈልገው፣ ማጣሪያው ላይ ኤ2ፒ3 የሚል ከሆነ ትነቱንም ብናኙንም ይይዛል። ውጭ ቦታ ከሌለህ ስፕሬዩን ተወው፣ በብሩሽ የሚቀባው ምንም አያጎድልብህም።

የተበላሹት ሁለቱ ምስሎች አይጣሉም። ሻካራውን ፕላስቲክ መጀመሪያ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ በቀስታ ፈትገው፣ በላዩ የተኛው ብናኝ ብቻ ከሆነ ይረግፋል። ካልረገፈ አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ንከረው፣ በጥርስ ብሩሽ ፈትግ፣ አስፈላጊ ከሆነ ድገመው። ፖሊስታይሪንን አልኮሉ አይጎዳውም። አሴቶን ግን ያቀልጠዋል፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ብዙ ጊዜ አሴቶን አለበት፣ ተጠንቀቅ።

ሬዚኑን እንደዚያ አትንከረው፣ አልኮል ውስጥ ሲቆይ ሊያብጥና ሊሰነጠቅ ይችላል። የሚላጠውን በፕላስተር እየለጠፍክ አንሳ፣ የቀረውን በአልኮል በነከርከው ጨርቅ ጥረግ። ጣትህ ላይ የሚያጣብቅ ከሆነ ጓንት አድርገህ በንጹሕ አልኮል አጭር እጥበት ስጠው፣ አድርቀው፣ ከዚያ በዩቪ መብራት ወይም በፀሐይ እያገላበጥክ አቆየው፣ የካባውን ውስጥም እንዲያገኘው አድርገህ። አድርቀው የምልህ አልኮል እንደያዘ ብርሃን ውስጥ ከገባ ላዩ ነጫጭ ስለሚሆን ነው። የሚያጣብቅ ካልሆነ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠበውና ሌሊቱን አድርቀው። ከዚያ ወዲያ በባዶ እጅ አትያዘው፣ መያዣ ላይ አጣብቀው። ሙሉውን ከመቀባትህ በፊት የመቆሚያውን ሥር ብቻ ፕራይመር ቀባ፣ አንድ ቀን ሙሉ ጠብቅ፣ ፕላስተር ለጥፈህ በኃይል ሳብ። ፕላስተሩ ንጹሕ ሆኖ ከተነሳ ቀጥል። ቀለም ይዞ ከተነሳ ምስሉ ገና አልጸዳም፣ ወይም ገና አልጠነከረም፣ ወደ ሳሙናውና ወደ ብርሃኑ መልሰው።